ትምህርትና የኢኮኖሚ ዕድገት፦ ትምህርት ቤት መግባትና መማር ለየቅል ናቸው

"ተምሮስ ምን አገኘ?" የሚለውን ጥያቄ ያልሰማ የለም። ዲግሪውን ይዞ ቤት የተቀመጠ ልጅ ባለበት ሰፈር፣ ከ8ኛ ክፍል ያቋረጠው አብሮ አደጉ ባጃጅ እየነዳ ቤተሰብ ሲያስተዳድር፣ ጥያቄው ቡና በተፈላ ቁጥር ይነሳል። በሌላ በኩል መንግሥትም፣ ለጋሽ ድርጅቶችም፣ ርዕሰ መምህሩም "ትምህርት የዕድገት መሠረት ነው" ይሉናል። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎችም በዚሁ ጉዳይ ከ60 ዓመት በላይ ተከራክረዋል። ክርክሩ ግን ወደ እኛ የሚደርሰው ተቆራርጦ ስለሆነ ከሥሩ ልጀምር።

ሐሳቡ ራሱ አይከብድም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቴዎዶር ሹልዝና ጋሪ ቤከር የሚባሉ አሜሪካውያን የኢኮኖሚ ምሁራን ሰው ላይ የሚወጣ ገንዘብ ፋብሪካ ላይ ከሚወጣው አይለይም ብለው ተነሱ። ዛሬ ታወጣለህ፣ ነገ ምርት ይመጣል። ነገሩን የሰው ካፒታል አሉት። ሹልዝ በ1979፣ ቤከር በ1992 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የተሠሩ ጥናቶች ሲደመሩ፣ አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት የአንድን ሰው ገቢ በአማካይ በ9 ወይም በ10 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርጋል። ይህ ትንሽ አይደለም። ባንክ ከሚሰጠው ወለድ ጋር ማወዳደር ነው።

"ቆይ፣ የተማረው ልጅ መጀመሪያውኑ ከደህና ቤተሰብ የመጣ ቢሆንስ?" የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለዚህ ጥሩ መልስ የመጣው ከኢንዶኔዥያ ነው። አገሪቱ የነዳጅ ዋጋ ሲንር ያገኘችውን ገንዘብ ይዛ፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ61 ሺህ በላይ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሠራች። ኤስተር ዱፍሎ የተባለች ተመራማሪ (በ2019 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዷ ናት) ብዙ ትምህርት ቤት የተሠራበትንና ጥቂት የተሠራበትን አካባቢ ወሰደች። ከዚያ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ለመግባት የደረሱትን ሕፃናት፣ ዕድሜያቸው ካለፈባቸው ታላላቆቻቸው ጋር አነጻጸረች። ልጆቹ የትኛው ዓመት ላይ እንደሚወለዱ አልመረጡም፤ ልዩነቱን የቤተሰብ ሀብት አመጣው ለማለት አስቸጋሪ ነው። ውጤቱም ግልጽ ሆነ፦ ትምህርት ቤት የበዛላቸው ልጆች የበለጠ ተማሩ፤ ካደጉ በኋላም ደመወዛቸው ከፍ ብሎ ተገኘ።

እንዴት ነው ግን ትምህርት ገቢ የሚጨምረው? ሹልዝ የሰጠው መልስ እስካሁን ከሰማሁት ሁሉ ይበልጥብኛል። ትምህርት በጣም የሚጠቅመው ነገሮች ሲለወጡ ነው ይላል። አያት ቅድመ አያት ባረሱበት መንገድ፣ በዚያው ዘር፣ በዚያው በሬ ለሚያርስ ሰው ፊደል መቁጠሩ ምርቱን ብዙም አይጨምርለትም። አዲስ ነገር ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ማዳበሪያን አስቡ። ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ ተብሎ ይነገር ነበር። መሬቱ ግን ሄክታር አይደለም፣ ሁለት ጥማድ ነው፤ ስለዚህ ማካፈል ያስፈልጋል። ዩሪያው ደግሞ በአንዴ አይበተንም፣ ከፊሉ ሰብሉ በቅሎ ሲጎለምስ ይጨመራል። የብድሩ ወረቀት ላይ የመመለሻው ቀን አለ። ዝናቡ ቢዘገይ ምን ይሁን? ይህንን ሁሉ አንብቦና አስልቶ የሚደፍር ገበሬ ቀድሞ ይገባበታል። ሻራዳ ዌርና ጆን ናይት የተባሉ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ገጠር አጥንተው ያገኙት ይህንኑ ነው፦ የተማሩት ቀድመው ማዳበሪያ ይጀምራሉ፣ ያልተማሩት ጎረቤቶቻቸው አይተው ይከተላሉ። አንዱ መማሩ ለጎረቤቱም ተረፈ ማለት ነው። በሕንድም እንዲሁ አዲሱ የስንዴና የሩዝ ዘር በገባባቸው አካባቢዎች የትምህርት ጥቅም ጨመረ፤ ባልገባባቸው ያን ያህል አልጨመረም።

እስካሁን ጥሩ ነው። እንቆቅልሹ የሚመጣው ከአንድ ሰው ወደ አገር ስንሻገር ነው።

አንድ ሰው ሲማር ገቢው የሚጨምር ከሆነ፣ አገር በሙሉ ሲማር የአገር ገቢ መጨመር ነበረበት። ላንት ፕሪቼት የሚባል፣ ያኔ የዓለም ባንክ ባልደረባ የነበረ ተመራማሪ ቁጥሩን ሲመረምር እንደዚያ ሆኖ አላገኘውም። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ታዳጊ አገሮች ልጆቻቸውን በታሪክ ታይቶ በማይታወቅ ፍጥነት ትምህርት ቤት አስገቡ፤ ብዙ ያስገቡት ግን ጥቂት ካስገቡት በፍጥነት አላደጉም። አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1960 ከታይዋን ሕዝብ ማንበብና መጻፍ የሚችለው 54 በመቶ ነበር፤ ከፊሊፒንስ 72 በመቶ። የነፍስ ወከፍ ገቢም ያኔ የፊሊፒንስ ይበልጥ ነበር። ዛሬ የታይዋን የነፍስ ወከፍ ገቢ የፊሊፒንስን ብዙ እጥፍ ሆኗል።

ታዲያ ያ ሁሉ ትምህርት የት ገባ? እኔን የሚያሳምኑኝ ሁለት ምክንያቶች ናቸው፤ ሁለቱንም ከአገራችን በደንብ እናውቃቸዋለን።

የመጀመሪያው፣ ወረቀቱ የተራ ቁጥር ሆኖ ሲቀር ነው። አራት ኪሎ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የሚቆሙትን ወጣቶች ያየ ሰው ይህንን ለመረዳት አይቸገርም። "ዜሮ ዓመት" የሚል ማስታወቂያ ከወጣ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። ድሮ በ10ኛ ክፍል የሚያዝ የሥራ መደብ ነበር፣ ከዚያ ዲፕሎማ ተጠየቀበት፣ አሁን ዲግሪ ይላል። ሥራው ያው ነው። የሚሠራው ሰው ቁጥርም ያው አንድ ነው። የተለወጠው ከፊት ለመቆም የሚያስፈልገው ወረቀት ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን ዲግሪው ላገኘው ሰው ይጠቅመዋል፣ ሥራውን ከሌላው ቀድሞ ይወስዳልና፤ ለአገሪቱ ግን የተጨመረ ምርት የለም። ግብፅ በናስር ዘመን ለዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ሁሉ የመንግሥት ሥራ ዋስትና ሰጥታ ነበር። ወጣቱ ዲግሪ ይዞ ለዓመታት የመንግሥት ቅጥር ጠባቂ ሆነ።

እኛ ጋ ኢሕአዴግ ሥልጣን ሲይዝ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ናቸው፣ አዲስ አበባና ዓለማያ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 ይበልጣሉ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ 70 በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ተባለ። ሐሳቡ ፋብሪካ ይመጣል፣ መሐንዲስ ይፈለጋል የሚል ነበር። ፋብሪካው በዚያው ፍጥነት አልመጣም። ኢንጂነሪንግ የተመረቁ ልጆች ኮብልስቶን ሲጠርቡ በዜና የታዩበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። ኮብልስቶን መጥረብ የሚያሳፍር ሥራ ሆኖ አይደለም፤ ቤተሰብ ከብቱን ሸጦ፣ አገር ከድህነቱ ቀንሶ ለአምስት ዓመት ያስተማረውን ሰው መቀበያ አለመዘጋጀቱ ነው የሚያንገበግበው።

ስለ ተራ ቁጥር ካነሳሁ አይቀር፣ ግሩም አበበና ባልደረቦቹ አዲስ አበባ ላይ የሠሩት ጥናት አለ። ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን ወስደው፣ ችሎታቸውን ፈትነው ምስክር ወረቀት ሰጧቸው፣ ሲቪ አጻጻፍና ቃለ መጠይቅ አሠለጠኗቸው። አጭር ነገር ነው። ከ4 ዓመት በኋላ ሲታይ የእነዚህ ልጆች ገቢ ካልሠለጠኑት ጎላ ብሎ በልጦ ተገኘ፤ ይበልጥ የተጠቀሙትም ትምህርታቸው ዝቅ ያለው ናቸው። ቀጣሪው ልጁ ምን እንደሚችል ለማወቅ ይፈልግ ነበር፤ የትምህርት ማስረጃው ግን አልነገረውም ማለት ነው። ይህ ወደ ሁለተኛው ምክንያት ይወስደናል፤ ለእኔ ዋናውም እሱ ነው።

ልጆቹ ትምህርት ቤት ገቡ እንጂ አልተማሩም።

ይህንን ስል መምህራንን ለመውቀስ አይደለም። አንድ 1ኛ ክፍል ግቡ። ሰባ ልጅ፣ አንድ መምህርት። "ሀ ሁ ሂ ሃ" ብላ ስትጀምር ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይቀበላታል፣ እንደ መዝሙር። ያምራል። አሁን አንዱን ልጅ ጥሩና ገበታው መሀል ላይ "ቴ"ን ብቻ ጠቁሙት። ዝም ይላል፣ ወይም ከ"ተ" ጀምሮ በቃሉ እየቆጠረ ይደርስባታል። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አያውቀውም። የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የኔታዎች ይህንን ችግር ከጥንት ያውቁት ነበር፤ አቡጊዳ ፊደሉን አዘበራርቆ የሚመጣው ልጁ በቃሉ እያነበነበ እንዳያልፍ ነው። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ሰባውን ልጅ በየተራ ለመጠቆም ጊዜ የለም። መጽሐፉ ለብዙ ልጅ አንድ ነው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ደግሞ ለብዙ ዓመት ማንም አይወድቅም ነበር፤ ልጁ ሳያነብ 4ኛ ክፍል ይደርሳል። 4ኛ ክፍል ላይ መምህሩ ሳይንስና ሒሳብ ጽፎ ይጠብቀዋል፤ ማንበብ የሚያስተምረው ሰው ከዚያ በኋላ የለም።

ቁጥሩ ልብ ይሰብራል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ3 ሚሊዮን በታች የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ ከ18 ሚሊዮን አለፈ። ይህ በእውነት ትልቅ ሥራ ነው፣ ማንም ሊያጣጥለው አይገባም። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲፈተኑ፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳን ማንበብ አልቻሉም። ማንም ብዙ አልጮኸም። ከዚያ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ ኩረጃን ለመከላከል ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፤ በ2016 5.4፤ በ2017 8.4 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በእያንዳንዱ ከ1 ሺህ በላይ ነበሩ። አገር ደነገጠ። ግን ዓመቱን ቁጠሩት። በ2014 12ኛ ክፍል የደረሱት በአብዛኛው፣ በ2002 አንዲት ቃል ማንበብ ያቃታቸው ልጆች የሁለት ዓመት ታናናሾች ናቸው። ውጤቱ ከ12 ዓመት በፊት ተነግሮን ነበር።

መሀሉ ላይ የተጨመረውንም ሸክም ማስታወስ ያስፈልጋል። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማንበብ ያልጸናለት ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ሁሉም ትምህርት እንግሊዝኛ ይሆንበታል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ መጣ፤ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ የመጣው ትምህርት በቴሌቪዥን በፈጣን እንግሊዝኛ ይፈስ ነበር፣ መምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይናገር ነበር። በዚያ የተማረ ሰው ካያችሁ ጠይቁት።

"ድሃ ስለሆንን ነው" የሚለው መልስ እውነት አለው፤ ግን አይበቃም። ቬትናምን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2012 በተካሄደው ዓለም አቀፍ ፈተና የ15 ዓመት ቬትናማውያን በሒሳብ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ እኩዮቻቸው በለጡ፤ ያኔ ቬትናም ድሃ ከሚባሉት ተፈታኝ አገሮች አንዷ ነበረች። ያንግ ላይቭስ የሚባለው ጥናት ኢትዮጵያ፣ ሕንድ፣ ፔሩና ቬትናም ውስጥ ሺህዎች ልጆችን ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከታትሏል። ልጆቹ ትምህርት ከመጀመራቸው በፊት ልዩነታቸው ጠባብ ነው። ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ነው የሚሰፋው፤ አንድ ዓመት የቬትናም ትምህርት ቤት ከሌሎቹ አንድ ዓመት በጣም የበለጠ ሒሳብ ያስተምራል። አንድ ዓመት ሁሉም ቦታ አንድ ዓመት አይደለም። ኤሪክ ሃኑሼክና ሉድገር ቮስማን የተባሉት ተመራማሪዎች የፕሪቼትን እንቆቅልሽ የፈቱትም እዚህ ላይ ነው። ሕዝቡ ስንት ዓመት ክፍል ውስጥ እንደተቀመጠ መቁጠሩን ትተው ልጆቹ በፈተና ምን እንደሚችሉ ሲለኩ፣ ችሎታና የኢኮኖሚ ዕድገት ተያይዘው ተገኙ። ችሎታው ከተቆጠረ በኋላ የዓመቱ ብዛት ብቻውን እምብዛም የሚለው ነገር የለም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መነገር አለበት፦ መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል በመንግሥት አኃዝ በዓመት 10 በመቶ ገደማ አደገች። ያንን ያመጡት በአብዛኛው መንገዱ፣ ግድቡ፣ ኮንስትራክሽኑና ግብርናው ናቸው እንጂ የተማረው ሰው አይደለም። እንዲያውም ትምህርት ቤቱን የሠራው ከዕድገቱ የተገኘው ገንዘብ ነው። የተማረ ሰው ደግሞ ብቻውን ብዙ አይሠራም። አንዲት ነርስ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስትሄድ ፈተናውን አልፋ ሥራ ከያዘች ደመወዟ ስንት እጥፍ እንደሚሆን ውጭ ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቃል። ሴትዮዋ ያችው ናት። የተለወጠው መሣሪያው፣ መብራቱ፣ የሆስፒታሉ አሠራርና የአገሩ ሀብት ነው። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ለብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች ሥራ ከፍቶ ነበር፤ አሜሪካ ከ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ዕድል፣ ስታስወጣ ግን ብዙዎቹ ሥራቸውን ያጡት ትምህርታቸው ስላነሰ አይደለም።

ለዚህ ነው ኮሪያን በተነሳች ቁጥር "በትምህርት አደገች" ብሎ ማለፍ የማይበቃው። ቃኘው ሻለቃ በዘመተበት ዘመን ድሃ ነበረች፣ እውነት ነው። ግን ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። መጀመሪያ መሬት ለአራሹ ተከፋፈለ። ከጦርነቱ ማግሥት ሁሉም ልጅ አንደኛ ደረጃ እንዲገባ ተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከ10 ልጅ ከ9 በላይ ገብቶ ነበር። ቀጥሎ ማንበብና ማስላት የሚችል ሠራተኛ የሚፈልግ ፋብሪካ መጣ፣ ምርቱም ወደ ውጭ ተላከ። ዩኒቨርሲቲው በስፋት የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ግን ታቹ ሳይጸና ላዩን ቸኩለን ሠራን።

በነገራችን ላይ በአገር ውስጥ ምርት ስሌት ቶሎ የማይታይ ግን ትልቅ ነገር አለ፣ የእናቶች ትምህርት። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ያልተማረች ኢትዮጵያዊት በአማካይ ከ5 በላይ ልጆች ስትወልድ፣ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማረችው የምትወልደው 2 ገደማ ነው። ጥቂት ልጅ ያላት እናት ለእያንዳንዱ የምታወጣው ይበዛል፤ ትርፉ ግን ሃያ ዓመት ቆይቶ ነው የሚመጣው።

እኔ ገንዘቡን የማድልበት ሰው ብሆን ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ላይ አፈሰው ነበር። ጎበዟን መምህርት እዚያ አስቀምጣለሁ፣ የተሻለ ደመወዝም ለእሷ። እኛ ጋ የሚደረገው ግን ተገላቢጦሹ ነው፤ ልምድ ያለው መምህር ወደ ላይኛው ክፍል ያድጋል፣ አዲሱ ሕፃናቱ ጋ ይላካል። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ቱሶሜ በሚባለው ፕሮግራም ያደረገችው ነገር ተአምር የሚባል አይደለም። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የንባብ መጽሐፍ፣ ለመምህሩ የዕለት ዕለት የትምህርት መመሪያ፣ ክፍል ገብቶ የሚያይና ልጆቹን አንድ በአንድ አስነብቦ የሚመዘግብ ደጋፊ ሱፐርቫይዘር። የልጆቹ ንባብ ተሻሻለ፣ በጥቂት የሙከራ ትምህርት ቤቶች ብቻ ሳይሆን በአገር ደረጃ። ዩኒቨርሲቲ ከመገንባት ጋር ሲወዳደር ወጪው የሚነጻጸር አይደለም፤ ችግሩ መጽሐፍ ማደል ሪባን የሚቆረጥበት ሥራ አለመሆኑ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ጦርነቱ አለ። ትግራይ ውስጥ በኮቪድና በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ያህል ተዘግቶ ነበር። አማራ ክልል ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። 1ኛ ክፍል ሊገባ የነበረ ልጅ ሦስት ዓመት ሲያመልጠው ቢመለስ እንኳን አሥር ዓመቱ ነው፤ ከብት ጥበቃው፣ የቀን ሥራው፣ ለሴቷ ደግሞ ትዳሩ ይጠራዋል። በ2018 1ኛ ክፍል የገባ ልጅ ሳይደግም ከሄደ 12ኛን የሚፈተነው በ2029 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዓመት ውጤት ቀድሞ ማወቅ የሚፈልግ፣ ልጁ 2ኛ ክፍል ሲደርስ ገብቶ ገበታው መሀል ላይ አንድ ፊደል ይጠቁም።